ሳያሳምም ስለሚገባ ደዌ

ዛሬ በዚህ የትምህርት ሰዓት የምናነሣው ጉዳይ በቤተ ዘመድ ፊት ሲነገር አንገት የሚያስደፋ፣ ባለመነገሩ ግን ስንቷን ልጃገረድ ከጤናዋና ከመውለድ ተስፋዋ የለየ ስለ ሆነ፣ እናቶች ልጆቻችሁን ከአጠገባችሁ ሳታርቁ፣ አባቶችም «ይህ የሴቶች ወሬ ነው» ብላችሁ ሳትነሡ እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን። ጉዳዩም በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት፣ በተለምዶ የአባላዘር በሽታዎች የምንላቸው ደዌያት፣ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙትን ሴቶች ልጆች እንዴት እንደሚያገኟቸው፣ ከእነርሱስ በምን ዓይነት ጥንቃቄ መጠበቅ እንደሚቻል ነው።

ቃላችንን በተለይ ወደ ቀጨኔ ያቀናነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ይህ የጉለሌ ሠፈር በሸክላ ሥራው ስሙ የታወቀ፣ ጀበናውና ድስቱ፣ ምጣዱና ማሰሮው ከእናት ወደ ልጅ በሚተላለፍ የእጅ ጥበብ የሚበጅበት ሲሆን፣ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች እንደ መሆኑ መጠን ልጃገረዷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አፈር ታቦካለች፣ የተተኮሰውን ዕቃ ተሸክማ ገበያ ትወጣለች፣ የማታውቀውንም ገዥ ታነጋግራለች። በዚያው ሠፈር ደግሞ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ የሚጠይቃት ዘመድ በቅርብ የሌላት፣ ዕድሜዋን እንኳ አስተካክላ የማታውቅ ታዳጊ አለች። ሁለቱም ልጆች የትልቅ ሰው ሥራ ይሠራሉ፤ የገዛ ገላቸውን ነገር በተመለከተ ግን እንደ ሕፃናት ተቆጥረው የሚነግራቸው የለም።

ሸክላ ሠሪዋ እናት ከእሳት የወጣውን ማሰሮ ለገዥ ከመስጠቷ በፊት በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይለየዋልና። ስለ አባላዘር በሽታዎች አስቀድመን ልንረዳው የሚገባንም ይኸው ነው፤ ከእነዚህ ደዌያት የሚበዙት በሴት ልጅ ገላ ውስጥ ሲገቡ አያሳምሙም፣ አያተኩሱም፣ ከሥራም ከትምህርትም አያስቀሩም። ክላሚዲያ የተባለው ተሐዋሲ ከያዛቸው ሴቶች መካከል የሚበዙት፣ ከመቶ ሰባ ያህሉ፣ አንዳች ምልክት ሳያዩ ይኖራሉ። ስሙ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ጨብጥ እንኳ ወንዱን ሽንቱን በሸና ቁጥር እያቃጠለ ወደ ሐኪም ሲያስሮጠው፣ ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉን ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥባቸዋል። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ተሐዋሲው ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወጣ ሲሆን፣ ሕመም የሌለውና በሴቷ የውስጥ ክፍል ሊሸሸግ የሚችል በመሆኑ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ መድኃኒት ሲደርቅ «ዳንሁ» ያሰኛል፤ ደዌው ግን ወደ ደም ገብቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በቆዳ ላይ ሽፍታ ሆኖ፣ ከዓመታት በኋላም በልብና በአንጎል፣ ባረገዘችም ጊዜ በፅንሷ ላይ ይነሣል። እፍረት ደግሞ ሰውን ወደ ሐኪም ደጅ የሚለቀው ሕመም ሲጠናበት ብቻ ነው። እንግዲህ ደዌው ሳያሳምም የሚሠራ፣ እፍረቱም ሕመምን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንዲት ልጅ ላይ ሲገናኙ መድኃኒት ምንጊዜም ዘግይቶ ይደርሳል። ዛሬ የምንናገረው ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ለምንስ ከትልቋ ሴት ይልቅ ትንሿ ትጠቃለች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ሐኪሞች የሚሰጡት መልስ ከሥነ ፍጥረት የሚነሣ ነው። በኮረዳነት ወራት በማሕፀን በር ላይ፣ በአንድ ረድፍ ብቻ በተደረደሩ ስስ ሕዋሳት የተሸፈነው ክፍል ወደ ውጭ ገለጥ ብሎ ይገኛል፤ ዕድሜ ሲጨምር ያ ስፍራ ድርብርብ በሆነ ወፍራም ሽፋን እየተተካ ይሄዳል። ክላሚዲያም፣ ጨብጥም፣ የማሕፀን በር ነቀርሳን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስም በዚያ ስስ ስፍራ በቀላሉ ስለሚገቡ፣ የዐሥራ አምስት ዓመቷ ልጅና የሠላሳ ዓመቷ እህቷ አንድ ዓይነት አጋጣሚ ቢደርስባቸው አደጋቸው እኩል አይሆንም። ክላሚዲያና ጨብጥ በጊዜው ሳይታከሙ ከቀሩ ደግሞ ከማሕፀን በር ሽቅብ እየወጡ፣ እንቁላል የሚተላለፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች አቁስለው ጠባሳ ያስቀሩባቸዋል፤ ቱቦው ጨርሶ ሲዘጋ ፅንስ አይያዝም፣ በከፊል ሲጠብ ደግሞ ፅንሱ በመንገድ ቀርቶ ከማሕፀን ውጭ ያድግና የእናቲቱን ሕይወት ለአደጋ ይሰጣል። በአገራችን ልጅ አለመውለድ የሴቲቱ ዕዳ ተደርጎ እስከ ዛሬ ሲቆጠር፣ ባል በዚህ ምክንያት ሲፈታ፣ አማት ፊቷን ስታዞር፣ መነሻው ከዐሥር ዓመት በፊት በልጅነቷ የደረሰባትና ሳይታከም የቀረው በሽታ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህ ላይ አንዳንዶች ንጽሕናን የሚጠብቁ መስሏቸው የብልትን ውስጠኛ ክፍል በሳሙና ወይም በሎሚ ያጥባሉ፤ ይህ ተፈጥሮ ለመከላከያ ያኖረቻቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚያጠፋ ጎጂ ልማድ ስለ ሆነ፣ የውጩን ክፍል በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል።

ደዌያቱ ራሳቸው ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ቂጥኝና ጨብጥ፣ ከርክርና ባምቡሌ አያቶቻችን በየስማቸው ለይተው የሚያውቋቸው ሕመሞች ነበሩ፤ ቂጥኝ የጸናበት ሰው ፍል ውኃ ወርዶ መታጠብን እንደ ፈውስ ይቆጥረው ነበረ። ፔኒሲሊን ከተገኘ ወዲህ ግን ገና ያልቆየ ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚወጋ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚድን ሆኗል። ክላሚዲያና ትሪኮሞናስም በታወቁ መድኃኒቶች ይድናሉ፤ ጨብጥ የድሮዎቹን መድኃኒቶች እየለመደ ሐኪሞችን ቢያስቸግርም ዛሬም የሚያድነው መርፌ አለው። እንዲህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሊድኑ በሚችሉት በእነዚህ በአራቱ በሽታዎች ብቻ በዓለም ላይ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ አዲስ ሰው ይያዛል።

ኤች አይ ቪ ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት የተገኘ ሲሆን፣ በ1986 የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ ተመዘገቡ። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡን ለማስተማር የተያዘው መንገድ ማስፈራራት ይበዛበት ነበረ፤ በእኛም አስተያየት ያ ፍርሃት ጥቂቶችን ከአደጋ ቢመልስም ብዙዎችን ያስተማረው መደበቅን ነው። ከቀጨኔ ሽቅብ በሚታየው በእንጦጦ ማርያም፣ ከየአውራጃው የመጡ ሕሙማን በጠባብ ጎጆ እየተከራዩ ጸበል ሲጠመቁ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላም መድኃኒቱን መውሰድ በእምነት መጠራጠር የመሰላቸው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በግልጽ ሲናገሩ፣ የብዙ ሰው ልብ ዐረፈ። ይህን የምናነሣው የንስሐ አባት ቃል በቀጨኔ ባለች ቤት ውስጥ ከሐኪም ቃል ይልቅ ቀድሞ የሚሰማ ስለ ሆነ ነው፤ ካህኑ ስለ ንጽሕና ሲያስተምር «የታመመች ትታከም» የምትለዋን ቃል ቢጨምርባት፣ ልጅቷ ኃጢአቷንና በሽታዋን አንድ አድርጋ እንዳትሸሽግ ይረዳታል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዐተ ተክሊል ከመፈጸሙ በፊት ሙሽሮቹ የደም ምርመራ ወረቀት እንዲያመጡ መጠየቃቸውም የሚያስመሰግን ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣት ሴቶች ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው ከመቶ 24ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ወጣት ወንዶቹ ከመቶ 39 ነበሩ። በዚያው ጥናት በአዲስ አበባ ለአካለ መጠን ከደረሰው ሕዝብ ከመቶ 3.4 ያህሉ ቫይረሱ በደሙ ተገኝቶበታል፤ በአገር ደረጃም የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ እጥፍ ሆኖ ታይቷል። ዕውቀቱ ያነሰባት ወገን ሕመሙ የበዛባት ሆነች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በትምህርታችን ውስጥ የሚታለፈውን ነገር ሳናለዝብ መናገር ይኖርብናል። ለልጃገረዷ «ራስሽን ጠብቂ» ማለት ተገቢ ምክር ነው፤ ነገር ግን የዐሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ ደዌ የሚያመጣባት ብዙ ጊዜ የክፍል ጓደኛዋ አይደለም፤ በዕድሜ የሚበልጣት፣ ከእርሷ በፊት ብዙ ሴት ያወቀ፣ ስልክ የሚገዛላት፣ የትምህርት ቤት ወጪዋን የሚሸፍንላት፣ ወይም የምታገለግልበት ቤት ጌታ የሆነ ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ስለ ኮንዶም መከራከር ለእርሷ ከአቅም በላይ ነው፤ «አታምኚኝምን?» ሲላት የምትመልሰው የላትምና። ሕጉ ግን ለዚህ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመውን ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ በአንቀጽ 627 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕፃን ላይ የፈጸመውን ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ፈቃዷን ሰጥታ ነበር የሚለው ክርክር ከሕፃንነቷ አይበልጥም። እንግዲህ በቀጨኔ ያላችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ በዕድሜ ልጃችሁ የምትሆን ተማሪ በመኪና ስትወሰድ አይታችሁ «የወላጇ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ብታልፉ፣ ስለ በሽታ መከላከል የምንናገረው ሁሉ ግማሹ ይጎድላል። የቤት ሠራተኛ የሆነችውን ልጅ የምታኖሩ እመቤቶችም፣ በቤታችሁ ወንዶች ፊት ጠባቂዋ እናንተ ናችሁ፤ ሌሊት የምትተኛበት ክፍል በውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

የመደፈር አደጋ የደረሰባት ልጅ ካለች ጊዜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ኤች አይ ቪ በደም እንዳይተከል የሚከለክለው መድኃኒት ሊሠራ የሚችለው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ሲሆን፣ ቀድሞ በተጀመረ መጠን ይበልጥ ያድናል፤ ከተጀመረም በኋላ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው መድኃኒት፣ የሌሎቹም በሽታዎች መከላከያ በዚያው ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሽማግሌ እስኪላክ፣ ካሣ እስኪነገር፣ የደፈረውም ሰው «አገባታለሁ» እስኪል መጠበቅ ልጅቷን ሁለተኛ መበደል ነው። ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ይዛ፣ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም፣ ወይም በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ወዳለው ሕክምናውን፣ የፖሊስና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ስፍራ ወደሚያስተናግደው ማዕከል ትወሰድ።

ስለ መጠበቂያው ብዙ ስለ ተነገረ እኛ በአጭሩ እናልፈዋለን። ግንኙነትን ማዘግየት ለታዳጊ ልጅ ከሁሉ የሚበልጥ ጥበቃ ነው፤ ይህን ስንል የሃይማኖትን ትእዛዝ ብቻ ይዘን አይደለም፣ ከላይ ያነሣነው የገላዋ ሁኔታም ይመሰክራልና። የጀመረች ልጅ ካለች ግን «ከእንግዲህ ለአንቺ የሚባል ነገር የለም» ተብላ ከትምህርቱ ልትወጣ አይገባትም፤ ኮንዶም ሁልጊዜና በአግባቡ ሲውል ኤች አይ ቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን አጥብቆ ይከላከላል፤ ቂጥኝን፣ ሄርፐስንና ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስን ግን እነዚህ ካልተሸፈነ ቆዳም ስለሚተላለፉ የሚከላከለው በከፊል ነው። እርግዝናን የሚከላከለው መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው ከበሽታ አይከላከልም፤ ይህን የማያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው። አንዱ የአባላዘር በሽታ በብልት ላይ ቁስል ወይም ብግነት ሲያመጣ ለኤች አይ ቪ በር እንደሚከፍት ደግሞ ማወቅ ይገባል።

ጤና ጣቢያ የመሄድ ነገር ሲነሣ ልጃገረዶች የሚፈሩት መርፌውን አይደለም። የሚፈሩት የካርድ ክፍሉን ወረፋ፣ ከኋላ የቆመችውን የሠፈር ሴት፣ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ተብሎ በሰው መካከል የሚጠየቀውን ጥያቄ ነው። ይህ ፍርሃት በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ጮክ ብሎ በሚናገር አንድ ሠራተኛ ምክንያት አንዲት ልጅ ተመልሳ ብትሄድ፣ ከእርሷ በኋላ ዐሥር ጓደኞቿ ይቀራሉ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች ተብሎ የተለየ ክፍል የተዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ስለ ሆነ፣ ልጅቷ በካርድ ክፍሉ መስኮት ሕመሟን የመዘርዘር ግዴታ የለባትም፤ «የወጣቶች ክፍል ነው የምፈልገው» ብትል ይበቃታል። በአገራችን ሥርዐትም ዕድሜዋ 15 ዓመት የሞላት ልጅ የኤች አይ ቪ ምርመራን ያለ ወላጅ ፈቃድ ልታደርግ ትችላለች፤ ውጤቱም የእርሷ ምስጢር ነው። ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ቁስል፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከእንብርት በታች የሚጸና ሕመም ካለ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ሊጀመር ይችላል። መድኃኒት ቤት ገብቶ ለጓደኛ የታዘዘውን ክኒን መግዛት፣ የተሰጠውንም ሕመሙ ሲቀል ጀምሮ መተው፣ በሽታውን መድኃኒት ለማልመድ ካልሆነ አይጠቅምም፤ አብሮ የነበረው ሰው ሳይታከም ቢቀርም ደዌው ተመልሶ ይመጣል። ምልክት ያላየችውም ልጅ ግንኙነት ጀምራ ከሆነ ትመርመር፤ ምልክትን መጠበቅ ለምን እንደማይበጅ ቀደም ብለን ተናግረናል።

የሚቀረን ስለ ክትባቱ መናገር ነው። የማሕፀን በር ነቀርሳ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው ሲሆን፣ ምንጩ ቀደም ብለን የጠቀስነው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ይህን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ቫይረሱ በልጅነት ገብቶ ወደ ነቀርሳ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለና ያልታከመች ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃት ይችላል። ክትባቱ በመላው አገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ እንዲያዳርስ ተደርጎ፣ ሁለት ጊዜ ይወጋ የነበረው በአንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። ክትባቱ የሚሰጠው በክንድ ላይ፣ በነጻ፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ነው። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ እውነት የለውም፤ መካንነትን የሚያመጡት ሳይታከሙ የቀሩት ክላሚዲያና ጨብጥ መሆናቸውን ሰምታችኋል። ሕፃን ልጅን ለምን እንዲህ ላለ ነገር ይከትቧታል ብሎ የሚቆጣ አባት ቢኖር፣ ክትባቱ ሙሉ ኃይል የሚኖረው ቫይረሱ ሳይገባ በፊት ስለ ሆነ፣ ልጅቷ ምንም በማታውቅበት ዕድሜ መሰጠቱ ራሱ ጥበቡ እንደ ሆነ ይረዳልን። ከትምህርት ቤት ውጭ ያለችው፣ ሸክላ ስታቦካ ወይም የሰው ልጅ አዝላ የምትውለው፣ መምህር በመዝገብ ስለማይጠራት ክትባቱ እንዳያልፋት ያስፈራል፤ እርሷን የምታሳድጉ ወይም የምታሠሩ ሰዎች ለሠፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስሟን ንገሩላት።

ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናትም ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ስለ ራሷ ትጠይቅ። አገልግሎቱ ባለበት ጤና ጣቢያ አዋላጅዋ ወይም ነርሷ የማሕፀን በሯን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በሆምጣጤ ዓይነት ፈሳሽ ቀብታ ትመለከታለች፤ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ የተሰናዳ ስፍራ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ምርመራው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ የተገኘውም ነጭ ምልክት ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ተቃጥሎ ይወገዳል፣ እናቲቱም በእግሯ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።